የማን ቀፎ ነው?

ፍየል ገዝቶ የማያውቅ ሰው ፍየል መግዛት ቀላል ይመስለዋል። እስኪ ዋግ ሄዶ ፃግብጂ ገበያ ቆሞ ይመልከት። ደህና ገዢ መጀመሪያ ፍየሉን እንዳላየ ያልፈዋል። ትንሽ ተንጎራዶ ይመለስና ድንገት አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ይቆጥራል። ሽንጡን ይጨብጣል፤ ፍርምባውን በመዳፉ ይመዝናል፤ በመጨረሻ ሆዱን በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ያዳምጣል። ማዳመጡ ያለ ነገር አይደለም። አንዳንድ ነጋዴ በገበያው ዋዜማ ፍየሉን ጨው ያልሰዋል፤ ከዚያ እስኪበቃው፣ ከበቃውም በላይ ውሃ ያጠጣዋል። ጎድኑ ሲቆጠር የነበረው ፍየል በማግስቱ ጎኑ ሞልቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ ይቆማል። ውበቱ ግን እስከ ማታ ነው። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲያስረው ሸንቶ ሸንቶ ወደ ጥንት መልኩ ይመለሳል። ይህችን ዘዴ የሚያውቅ የዋግ ሰው ሆድ ሳያዳምጥ ብር አይቆጥርም፤ ደላላው «የአበርገሌ ዘር ነው፣ ዝም ብለህ ውሰድ» ብሎ ቢምልለትም አይሰማውም።

ከፍየል ሆድ ወደ ሰው ከንፈር ልምጣ።

ፍልሰታ ተፈቶ ሻደይ በገባ ሰሞን ነው። ሻደይ ሲመጣ አዲስ አበባ የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ ሰቆጣና ወደየገጠሩ ይመለሳል። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ኩል ተኳኩለው፣ የሻደይ ቅጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ። የጎረቤታችን ባልቴት የእህት ልጅም ከአዲስ አበባ መጣች። መልከ መልካም ልጅ ናት፤ ድሮም ነበረች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ባልቴቷ ሁለት ጉንጯን ይዘው ሊስሟት ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«አንቺ ልጅ! ምን ነክቶሽ ነው? ንብ ነው?»

«ኧረ ንብ አይደለም እትዬ።»

«እንግዲያው ተርብ ነዋ! ይቺ ጣራው ጥግ ያለችው ናት። አቃጥሏት ብዬ ነበር፣ ማን ሰምቶኝ። ነይ ነጭ ሽንኩርት ልቀባልሽ።»

«ፊለር ነው እትዬ።»

«እሱ ደግሞ የማን ቀፎ ነው?»

በሴትዮዋ አይፈረድም። ዋግ የማር አገር ነው። ቀፎ በየጓሮው በሞላበት አገር የሰው ከንፈር ዓርብ ደህና ሆኖ ቅዳሜ አብጦ ከተገኘ ተጠርጣሪዋ ንብ ናት። ልጅቷ ግን ተረጋግታ ማስረዳት ጀመረች። በመርፌ የሚገባ ነገር መሆኑን፣ ከንፈር ሞላ እንደሚያደርግ፣ የአፍን ዳር መሥመርም እንደሚያጠፋ ነገረቻቸው። ባልቴቷ እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ነገር ብቻ አልገባቸውም።

«ታመሽ ነበር?»

«አልታመምኩም።»

«ሳትታመሚ መርፌ ተወጋሽ?»

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። እኛ አገር መርፌ የክብር ሕክምና ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ክኒን ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው የተናቀ ይመስለዋል፤ «አንዲት መርፌ እንኳ ሳይወጉኝ!» ብሎ ያማርራል። ሆኖም ለመርፌ እንዲህ የሚጓጓው ሰው እንኳ ጤነኛ ሆኖ፣ ያውም ከፍሎ፣ ያውም ፊቱን ሊወጋ አይሄድም። ዋጋው ሲጠቀስ ደግሞ ባልቴቷ ዓይናቸውን ወደ በረቱ ወርውረው በፍየል ማስላት ጀመሩ። ሒሳቡ ከበረቱ በላይ ሆነባቸውና ተዉት።

«ለመሆኑ እስከ መቼ ነው? እስከ ዕድሜ ልክ ነው?»

«ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይቆያል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይጠፋል። እንደገና መሠራት ነው።»

«ግብር ነዋ!»

እስከዚህ ድረስ ድሉ የባልቴቷ ነበር። ልጅቷ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ዝም አትልም። ጣቷን ወደ አክስቷ አንገት ቀሰረች። የባልቴቷ አንገት ላይ ንቅሳቱ እንደ ድሪ በመደዳ ተደርድሯል፤ ሲስቁ ደግሞ ድዳቸው ጥቁር ሰማያዊ ነው። «እርስዎስ እትዬ? እርስዎ ታመው ነው የተነቀሱት?»

ባልቴቷ ሳቁ። ድዳቸው ታየ። እውነቷን ነው። የንቅሳቱ ዘመን ሲነሳ ማን ንጹሕ ሆኖ ይቀራል? ልጃገረድ አፏን ከፍታ ትተኛለች፤ ሁለት ሴቶች ጭንቅላቷንና እጇን ይይዛሉ፤ ነቃሿ በእሾህ ወይም አንድ ላይ በታሰሩ መርፌዎች ድዷን ትወጋለች፤ ደሙን እየጠረገች ጥላሸቱን ትለቀልቅበታለች። ያቺ ልጅ ለቀናት እህል በአግባቡ አትቀምስም። ሁሉም ለምን? ጥርስ ነጭ መስሎ እንዲታይ። ከውበት በላይ ድድን ያጠነክራል የሚሉም አሉ፤ ሰው ያመመውን ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው ማለት ይወዳል። እህቷ በተወጋችበት መርፌ እሷም ትወጋለች፤ ስለ ጉበት ቫይረስም ሆነ ስለ ሌላ በደም ስለሚተላለፍ በሽታ የሚያስብ አልነበረም። በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት ንቅሳት «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» ከሚባሉት ተርታ ገባ። የእህት ልጅ ይህንኑ በትምህርት ቤት ሸምድዳ፣ ለፈተናም ጽፋ፣ ነጥብ አግኝታበታለች። ከዚያ አዲስ አበባ ገብታ ከንፈሯን አስወጋች።

ባልቴቷ ሳቃቸውን ጨርሰው የሰጡት መልስ ግን ከኔ ራስ አልወጣም። «እኔን ማን እንደነቀሰኝ አውቃለሁ» አሉ፣ «ልጇን ክርስትና ያነሳሁላት ናት። በምን እንደነቀሰችኝም አውቃለሁ፤ ከራሳችን ምጣድ የተፋቀ ጥላሸት ነው። ያንቺ ምንድነው?»

ልጅቷ ዝም አለች። የዋጋ ጥያቄ መልሳለች፤ የጊዜ ጥያቄም መልሳለች፤ ይህችን ግን አታውቃትም። ትዝብቴም እዚህ ላይ ነው። ሰው መልኩን ለማሳመር መሞከሩ አያስቀኝም፤ እንሶስላም፣ ወይባም፣ ቅቤም ያው ነው። የሚያስቀኝ ይቺ ልጅ የፍየል ሆድ ካላዳመጠ ብር ከማይቆጥር አባት ተወልዳ፣ ራሷም ስልክ ለመግዛት ሦስት ሱቅ ዞራ ካርቶኑን ገልብጣ ቁጥሩን እያመሳከረች፣ የገዛ ከንፈሯ ውስጥ የገባውን ብልቃጥ ስም አለመጠየቋ ነው።

እኔ ልንገራት። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ፊለር ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚባል ነገር የተዘጋጀ ልጥልጥ ነው። አሲድ መባሉ አያስደነግጥም፤ በቆዳችን፣ በመገጣጠሚያችንና በዓይናችን ውስጥ በተፈጥሮው አለ። እ.ኤ.አ. በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያወጡት ከከብት ዓይን ነበር። ቆይቶ ደግሞ በአውራ ዶሮ አናት ላይ ካለው ቀይ ሥጋ ይወጣ ጀመር። (የዶሮው ዘመን እያለፈ መሆኑን፣ አሁን በአብዛኛው ከባክቴሪያ እንደሚመረት ፈጥኜ ባልጨምር ኖሮ ባልቴቷ የእህታቸውን ልጅ ፍልሰታን በዶሮ አሳልፋለች ብለው ንስሐ አባታቸው ዘንድ ይዘዋት ይሄዱ ነበር።) የዚህ ነገር ዋና ጠባዩ ውሃ መሳቡ ነው። ከቆዳ ሥር ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠራል፣ ጎድጓዳውን ሞልቶ ይይዛል። ጨው የላሰ ፍየል አይቶ የሚያውቅ ሰው አሠራሩን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም። ልዩነቱ ፍየሉ እስከ ማታ፣ ከንፈሩ እስከ ዓመት መቆየቱ ነው።

ሌሎችም አሉ። የአጥንት ማዕድን ከሆነው ካልሲየም የተሠራው ረዘም ይላል። ከጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች የተሠራው በራሱ ጊዜ አይጠፋም። ፈሳሽ ሲሊኮን የሚወጉም አሉ፤ እሱ በሐኪም ፈቃድ ሳይሆን በድፍረት የሚሠራ ነው። ልብ በሉ፣ ለማያውቅ ሰው ሁሉም በመርፌ ውስጥ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ደንበኛ ወንበር ላይ ተጋድማ ወደ ላይ ስታይ የምታየው መርፌና ጓንት ነው። ሊሟሟ የሚችለውን ከማይሟሟው የሚለይላት ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

ፈረንጅም ቢሆን ሳይጠይቅ መወጋት የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1899 የቪየናው ቀዶ ሐኪም ሮበርት ገርሱኒ ቫዝሊን በመርፌ መውጋት ጀመረ። አዎ፣ እኛ ተረከዛችንን የምንቀባውን ቫዝሊን። ነገሩ ፋሽን ሆነና ሽብሽብ ያለበት ሁሉ ቫዝሊንና ፓራፊን ያስሞላ ገባ። ጥቂት ቆይቶ የተወጋው ቅባት ከቦታው መሸሽ፣ መጠጠር፣ ቆዳ ማበላሸት፣ ደም ሥር ገብቶም ማሳወር ጀመረ። በዘመኗ በመልኳ አውሮፓን ያነጋገረችው ግላዲስ ዲከን፣ በኋላ የማርልቦሮ ዱቼዝ የሆነችው፣ አፍንጫዋ እንደ ግሪክ ሐውልት ቀጥ እንዲል ብላ ፓራፊን አስወጋች። ፓራፊኑ ከአፍንጫዋ ተንሸራቶ ወደ አገጯ ወረደ። ስንት መኳንንት የተሰለፈላት ሴት ቀሪ ዘመኗን በዚያ ፊት ኖረች።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልዱን ላቁም። እኛ አገር የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚያን ጊዜ ከሚታደሉት መድኃኒቶች አንዱ ስታቩዲን ነበር። ሕይወት አትርፏል፤ ከጎኑ ግን የጉንጭን ስብ ይመጥጥ ነበር። ሰውየው ክብደት ጨምሮ፣ እርሻው ተመልሶ፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጉንጩ ብቻ ወደ ውስጥ ይገባል። ጎረቤትም ፊቱን አይቶ ያነባል፤ ምሥጢሩን ከካርዱ በፊት ጉንጩ ይናገርበታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ፖሊ ኤል ላክቲክ አሲድ የተባለው ፊለር ፈቃድ ያገኘው በትክክል ለእነዚህ ሰዎች ጉንጭ ነው፤ ለሙሽራ ወይም ለቲክቶክ አልነበረም። እኛ ጋ ወረፋው ሌላ ነበር፣ መጀመሪያ መኖር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስታቩዲን ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ፤ መድኃኒቱም በሌላ ተተካ። በአደጋ ፊቱ የጎደጎደ፣ ጠባሳ የጎተተው፣ አንድ ወገን ጉንጩ የሟሸሸ ሰውም በሠለጠነ እጅ በሚወጋ ፊለር ሰው ፊት ቀና ብሎ ሲቆም ደስ ይላል። በዚህ የሚያላግጥ ምላስ ካለ እሱ ይነቀስ።

ሰቆጣም ብትሆን ለጎደጎደ ጉንጭ እንግዳ አይደለችም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል በስሟ ይጠራል፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ የአንዱን ጉንጭ በሽሮና በወተት ለመሙላት ሰነድ ይፈረማል፣ የሌላውን በመርፌ ለመሙላት ቀጠሮ ይያዛል። ይህን ብዬ ልለፍ፤ ብዙ ካልኩ ስብከት ይሆናል።

አሁን ስለ አደጋው። ማበጥ፣ መቅላትና መበለዝ በቀናት ውስጥ የሚያልፍ ነው፤ አልፎ አልፎ እብጠት ቋጥሮ ከወራት በኋላ ብቅ የሚልም አለ። ዋናው ፍርሃት ግን የደም ሥር ነው። ፊት ላይ ያሉ የደም ሥሮች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ በቅንድብ መካከልና በአፍንጫ አካባቢ ያሉት ከዓይን ደም ሥር ጋር ይገናኛሉ። መርፌው ሳይታወቅ ደም ሥር ውስጥ ከገባና ልጥልጡ በኃይል ከተገፋ ወደ ኋላ ተጉዞ የዓይንን ደም ይዘጋል። ሰውየው ወንበሩ ላይ እንዳለ ብርሃኑ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የሐኪሞች ጥናት እስከዚያ ድረስ በዓለም ዙሪያ ከተመዘገቡት ውስጥ 98 እንዲህ ያሉ የዓይን ጉዳቶችን ለቅሟል፤ ከሁሉ በላይ የተጎዱት በቅንድብ መካከልና በአፍንጫ ላይ የተወጉት ናቸው። በየዓመቱ ከሚወጋው ሕዝብ አንጻር ጥቂት ነው። ለዓይኑ ባለቤት ግን ዓይን ሁለት ብቻ ነው። ልጥልጡ ደም ወደ አንጎል የሚሄድበትን መንገድ ከዘጋ ስትሮክ ነው፤ ወደ ቆዳ የሚሄድበትን ከዘጋ ቆዳው ይነጣል፣ ይጠቁራል፣ ይሞታል። ከተወጉ በኋላ ቦታው ድንገት ከነጣ፣ ካለ ልክ ካመመ፣ ወይም ዓይን ከፈዘዘ «ነገ ይሻለኛል» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ማርከሻ አለው። ሃያሉሮኒክ አሲድን የሚያሟሟ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ደህና ሐኪም እሱን በመደርደሪያው ሳያስቀምጥ መርፌ አያነሳም። ሲሊኮኑንና ፕላስቲኩን ግን አይነካቸውም። እዚህ ላይ ባልቴቷን ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አለ። ያንኑ ኢንዛይም ንብ በመርዟ ይዛ ትዞራለች። ንብ ስትነድፍ መርዙ በሥጋ መካከል ሰርስሮ እንዲሰራጭ መንገድ የሚከፍትላት እሱ ነው። ስለዚህም የሠለጠነ ሐኪም ማርከሻውን ከመስጠቱ በፊት «ንብ ወይም ተርብ ሲነድፍሽ ሰውነትሽ ክፉኛ ይቆጣል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በንብ መርዝ የሚያብጥና ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ለማርከሻውም ሊቆጣ ይችላልና። ጣራ ጥግ ያለችውን ተርብ የጠረጠሩት ባልቴት ከንፈሩን ከሠራችው ሰው ቀድመው የሐኪም ጥያቄ ጠይቀዋል።

የሠራቻት ማን ናት? ልጅቷ እንደነገረችን ፀጉር ቤት ነው። መጀመሪያ የሄደችው ፀጉሯን ቦቶክስ ለመሠራት ነበር። (ቦቶክስ በትክክለኛ ስሙ ጡንቻ የሚያፈዝ መድኃኒት ነው፤ ሽብሽብን የሚያለሰልሰው ጡንቻውን አስተኝቶ ነው እንጂ አይሞላም። ፀጉር ደግሞ ጡንቻ የለውም። የፀጉር ቦቶክስ የሚባለው ቅባት ከስሙ በቀር ከመድኃኒቱ ምንም የለበትም። ስም ውድ ስለሆነ ግን ዋጋውም ውድ ነው።) ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ሳለች አንዷ «ከንፈርሽንም እንሥራልሽ፣ መርፌ የለውም፣ በእስክርቢቶ ነው» አለቻት። እስክርቢቶ የምትለው ልጥልጡን በአየር ግፊት ቆዳ ውስጥ የሚተኩስ መሣሪያ ናት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ሕዝቡም ሐኪሙም ይህቺን መሣሪያ ለፊለር እንዳይጠቀም ያስጠነቀቀባት ናት፤ ወዴትና ምን ያህል እንደምትተኩስ የሚቆጣጠራት የለምና። መርፌ ስለሌላት ሰው አይፈራትም። ጥይትም መርፌ የለውም።

በነገራችን ላይ ያው መሥሪያ ቤት ፊለርን የሚፈቅደው ዕድሜያቸው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች ብቻ ነው። እንግሊዝ ከ18 ዓመት በታች ላሉት በውበት ምክንያት ቦቶክስና ፊለር መወጋትን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ወዲህ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንግሊዛዊቷ ተማሪ በኪስ ገንዘቧ ተወግታ ብትመጣ ከልካይ አልነበራትም። እኛም አዋጅ አለን፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትም የሕክምና መሣሪያም ሳይመዘገብ ገበያ እንዳይወጣ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥም በቆዳ ሕክምና ዕድሜ የጠገበ እንደ አለርት ያለ ሆስፒታል፣ የቆዳና የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስቶችም አሉ። አዋጁም ሐኪሙም አሉ፤ ደንበኛዋ ካስክ ውስጥ ናት።

ሰው ባይጠይቅም ግመል የሚጠይቅለት አግኝቷል። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የግመል ቁንጅና ውድድር አለ፤ በንጉሥ አብዱልአዚዝ ስም የሚጠራ፣ ሽልማቱ በአጠቃላይ 66 ሚሊዮን ዶላር የደረሰ። ዳኞቹ ከንፈሩ የተንጠለጠለ፣ አፍንጫው የገዘፈ፣ አንገቱ የረዘመ፣ ሻኛው የተስተካከለ ግመል ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ከ40 በላይ ግመሎች ከውድድር ተባረሩ። ጥፋታቸው? ባለቤቶቻቸው በቦቶክስ፣ በፊለርና በመሰል ዘዴ መልካቸውን ቀይረው ተገኙ። የተያዙትም በዓይን ግምት አልነበረም፤ ግመሎቹ በአዳራሽ አልፈው በኤክስሬይና በአልትራሳውንድ ተመርምረው ነው። ይህን ለባልቴቷ ስነግራቸው አላመኑኝም። ኋላ ግን ዝም ብለው አሰቡና «ለግመሉ ዳኛ ቆሞለታል በለኛ» አሉ። ግመሉን ያስወጋው ሰው ፍየል ጨው ከሚያልሰው ነጋዴ ጋር አንድ እናት የወለደችው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ማዶ ዳኛው በጉልበቱ ሳይሆን በአልትራሳውንድ ማዳመጡ ነው። ከንፈራችንን ግን እኛው ሻጭ፣ እኛው ገዢ፣ እኛው ፍየል ሆነን ማን ያዳምጠው?

ልጅቷ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ትንሽ ጨነቃት። ሁለተኛው ቀን ላይ ከንፈሯ በአንድ ወገን ጠጠር ያለ መሰላት፤ በመስታወት አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ እኛንም አስዳሰሰችን። ሰቆጣ ሆስፒታል ወርዳ ብትታይ እንኳ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃት «የተወጋሽው ምንድነው?» ብሎ ነው። የፊለር ካርቶን ውስጥ ስሙና የምርት ቁጥሩ የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት አብሮ ይመጣል፤ አንዱ ካርዷ ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ ለእሷ ይሰጣታል። ቦርሳዋን ዘረገፈችው። የሊፕስቲኩ ደረሰኝ አለ። የስልኳ ዋስትና አለ። የባጃጅ ታሪፍ የተጻፈበት ብጣሽ እንኳ አለ። የከንፈሯ ወረቀት የለም።

ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጣን። ባልቴቷም ዘንጋቸውን ይዘው ተከተሉን፤ «ባለ ቀፎዋን በጆሮዬ ልስማት» ብለው። ልጅቷ ደውላ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አደረገችው።

«ወዬ ማሬ!»

«ባለፈው የሠራሽልኝ ፊለር ስሙ ማን ነበር?»

«ምነው ማሬ፣ አልወደድሽውም?»

«ወድጄዋለሁ። ስሙን ፈልጌ ነው።»

«የኮሪያ ነው።»

«ስሙን ማለቴ ነው።»

«ኦርጅናል የኮሪያ ነው እኮ የምልሽ።»

«ካርቶኑ ላይ ቁጥር ይኖረዋል አሉ፤ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።»

«ካርቶኑንማ ጥለነዋል ማሬ፣ ቤቱ ጠባብ ነው። ምንም አይሆንም፣ ያንኑ ለስንቷ ሠራሁት። ይልቅ ስሚኝ፣ ለመስቀል ቅናሽ አውጥተናል። ሁለት ሰው ካመጣሽልኝ አገጭሽን በነፃ እሠራልሻለሁ።»

«አገጯ ምን ሆነ?» አሉ ባልቴቷ።